ሻንጣው በችሎት የተፈታ ዕለት

እኔ ሻንጣ ሰፊ ነኝ። በሱቃችን እትዬ ትናገራለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ታላቅ እኅቴ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፤ በመጨረሻ ዕቃውን ተቀብላ ከጀርባዋ ወዳለው የስፌት መኪና ትገፋልኛለች። የእኔ ድርሻ ዚፕ መቀየር፣ እጀታ መትከልና የተቀደደ ገበር መስፋት ነው። ድምፄ ከመኪናው ድምፅ በልጦ ስለማያውቅ የመንገዳችን ሰው ሁሉ «ሹክሹክታ» እያለ ይጠራኛል። አይከፋኝም። እውነት ነው።

ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጮኼን እትዬ እስከ ዛሬ ለመጣ ሰው ሁሉ ታወራለች።

አንዲት ሴት ወደ ሱቃችን ገባች። ጥቁር ካባ በክንዷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ደህና ዋላችሁ። ጠበቃ ነኝ» አለች። «የሚጠገን ዕቃ አልያዝኩም። አንድ ፎቶግራፍ ላሳያችሁ ነው።»

«ፎቶ አንጠግንም» አለች እትዬ።

ጠበቃዋ ሳቀች፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። ከጠዋት ጀምራ በከተማው ያሉትን ሻንጣ ሰፊዎች ስታዳርስ ውላለች። እኛ ዐሥራ አንደኛ ነን። እትዬ ይህን ስትሰማ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችላትና «አረፍ በይ እንግዲህ» አለቻት።

ጠበቃዋ ተቀምጣ ነገሩን ነገረችን። የምትከላከልላት ሴት የውጭ አገር ሰው ናት። ከዐሥራ አራት ወር በፊት ከዚህ ልትበር ስትል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣዋ ተፈተሸ፤ በሻንጣው ወለል ሥር አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ።

«ጥፋተኛ ተብላለች፤ እሱ ተዘግቷል» አለች ጠበቃዋ። «ራሷም አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥራ እንደነበር፣ ግን ላለመጠየቅ እንደመረጠች አምናለች። የቀረው ቅጣቱ ነው። ነገ በሦስት ሰዓት ይወሰናል። ዐቃቤ ሕጉ ሻንጣውን ራሷ አሠርታ፣ ራሷ ደብቃ የምትነግድ ናት ይላል። ዳኞቹ ያንን ከተቀበሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው። ሰው የሰጣትን የተሸከመች ብቻ ከሆነች ግን ቅጣቱ ሊቀልላት ይችላል፤ እስከ አምስት ሊወርድ ይችላል።»

«ልጅ አላት?» አለች እትዬ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

«አንዲት ሴት ልጅ። ሰባት ዓመቷ ነው።»

እትዬ በጣቶቿ ደመረች። «ሃያ አምስት። ጎረምሳ አግብታ ታገኛታለች በይኛ!» ካለች በኋላ ፊቷ ጠቆረ። «ግን እኮ እኅቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የጎረቤታችን ልጅ በዚሁ ነገር ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ተከናነበ። ለእሱ ማን ፎቶ ይዞ ዞረለት? ለባዕድ ሲሆን ነው ምሕረቱ የሚመጣው?»

«ለእሱም ሰው መዞር ነበረበት» አለች ጠበቃዋ። «እኔ የእሱ ጠበቃ ብሆን እዞር ነበር።»

እትዬ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠራረገች። እኔ መኪናዬን አቁሜ ቀና አልኩ።

ያኔ ጠበቃዋ ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ተለቅ ያለ ቡናማ ሻንጣ ነው፤ ተከፍቷል። ከእውነተኛው ወለል በላይ ሁለተኛ ወለል ተሠርቶለታል፤ በጨርቅ የተሸፈነ ካርቶን። በአንደኛው ጎን በማስቲሽ የተለጠፈ ነበር፤ ፈታሾቹ የገነጠሉት ያንን ነው። ሦስቱ ጎኖች ግን እንደተሰፉ ናቸው።

እትዬ ፎቶውን አየችና ወዲያው «የእኛ አይደለም» አለች።

ቶሎ አለችው። በጣም ቶሎ።

እኔ ፎቶውን አነሣሁት። ስፌቱ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ይመለስና ይታጠፋል። በመጨረሻው ላይ ክሩ ከሥሩ አልተቆረጠም፤ ሁለት ጣት የሚያህል ጭራ ተትቶለት ላላ ተደርጎ ታስሯል። እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ አባታችንን። «የሰፋኸውን ነገ ራስህ ወይም ሌላ ሰው መፍታቱ አይቀርም» ይለኝ ነበር። «ጭራ ተውለት፤ በምላጭ ሲቧጥጥ ሻንጣውን እንዳያቆስለው።» ያንን ጭራ ይዞ ለሚስብ ሰው ስፌቱ በአንድ ትንፋሽ ይፈታል። እሱ ከሞተ በኋላ በዚህች ከተማ እንዲያ የምሰፋው እኔ ብቻ ነኝ።

እትዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ጠንክራ ነው የረገጠችኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለች ጠበቃዋ። አልሰማችኝም።

«ስፌቱ። የእኔ ነው።»

ጠበቃዋ ከበርጩማው ተነሣች፤ እትዬ በእሷ ቦታ ተቀመጠች። «ጉድ ፈላ!» አለች እኅቴ፤ «አንተ ልጅ፣ አፍህን የከፈትከው ልታሳስረን ነው?»

ጠበቃዋ ማን እንዳሠራው ጠየቀችኝ። ሥራውን አስታወስኩት፤ ሰውየውንም። እትዬ ገበያ ሄዳ ስለነበር የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ለወረቀቶቼ ነው ብሎ ሁለተኛ ወለል ሥራልኝ፣ አንዱን ጎን ክፍት ተውልኝ፣ ራሴ እለጥፈዋለሁ አለኝ። ነጋዴዎች እንዲህ ያለ ነገር ያሠራሉ፤ አልገረመኝም። ሰው ፊት ስሆን አፌ ስለሚተሳሰር ግን ስሙን አልጠየቅኩትም። የማንንም ስም ጠይቄ አላውቅም። በስም ፈንታ በካርቶን ቁራጭ ላይ የደንበኛውን መልክና ቀኑን ጽፌ ሻንጣው ላይ አኖራለሁ፤ እትዬ ያንን አንብባ ለባለቤቱ ትሰጣለች። ይህ የሁለታችን አሠራር ነው። ሌላ ሰው ቢያየው ይስቃል።

«ቁራጩስ? አለ?» አለች ጠበቃዋ፤ ዓይኗ በራ።

«ጠፋ እንጂ!» አለች እትዬ። «እንዴት እረሳዋለሁ! ሰውዬው መጥቶ ሻንጣዬን አምጪ እያለ ሲያንባርቅ ምልክቱ የለም። እኔ ምን ላውቅ? አምስት ቡናማ ሻንጣ ነበረን። አንዱን ሳነሣ አይደለም፣ ሌላውን ሳነሣ አይደለም፤ አዋረደኝ! ይሄንን ወንድሜን ደግሞ ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት። ሁለት ቀን ፈለግነው። ካርቶን እግር የለው፤ የት ይሄዳል?»

የት ይሄዳል።

ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። በሁለተኛው ወለል በቀኝ ማዕዘን ላይ፣ ከጨርቁ ሥር፣ ቀጭን መስመር ከፍ ብላ ትታያለች። ካርቶን ከካርቶን ሲጋጠም የምትፈጠረው መስመር ናት። ያን ዕለት ካርቶኑ ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ጎደለችኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ቅርብ ያገኘሁትን ቁራጭ አነሣሁ፤ ጥጉ ላይ አጋጥሜ ጨርቁን አልብሼ ሰፋሁት።

ቅርብ የነበረው ቁራጭ፦

«ጥጉ!» ብዬ ጮኽኩ። «እትዬ! ጥጉ ውስጥ ነው! ሰፍቼበታለሁ!»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ወደ በሩ ወጣ። ሹክሹክታ ጮኸ ብሎ ዛሬም ያሾፍብኛል።

ጠበቃዋ ሱቃችን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ሱቃችን አራት ርምጃ ናት፤ ስትዞር ከሻንጣ ጋር እየተጋጨች ነው። «ቀን ይጽፉበታል?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ሴትዮዋ ወደዚህ አገር የገባችው በተያዘችበት ወር በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ፓስፖርቷ ላይ ማኅተሙ አለ። ቁራጩ ላይ ያለው ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ሻንጣው ሲሠራ እሷ አገሯ ነበረች ማለት ነው። ስንተኛው ቀን ነበር?»

ጭንቅላቴን ያዝኩ። ብጨምቀው አልወጣልህ አለኝ። ከዐሥራ አራት ወር በፊት ነው።

«ከዐሥራ ሦስት በኋላ ከሆነስ?» አለች እትዬ።

«በገዛ እጄ ቀበርኳት» አለች ጠበቃዋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎንም ላታልልዎት አልፈልግም። ወለሉን የሠሩት እርስዎ ነዎት። ዐቃቤ ሕጉ ተባባሪ ነው ብሎ ሊጠረጥርዎት ይችላል። ምንም አይደርስብዎትም ብዬ ቃል መግባት አልችልም። ነገ ከሦስት ሰዓት በፊት በሩ ላይ እጠብቃለሁ። ካልመጡ አልቀየምም።»

ከሄደች በኋላ እትዬ በሩን ዘጋችው። «አትሄድም» አለች። «አናውቃት፣ አታውቀን። ሰው አገር መጥታ ዕፅ የተሸከመችው እሷ፤ የምትታሰረው አንተ? ከዚያስ እኔ ምን ልሆን ነው? መርፌው ላይ ክር እንኳን ማስገባት አልችልም!»

የጀመርኩትን እጀታ ልጨርስ ተቀመጥኩ። መርፌው ተሰበረ። ሌላ አስገባሁ፤ እሱም ተሰበረ። በዐሥር ዓመት ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት መርፌ ሰብሬ አላውቅም። እትዬ ቆማ ታየኛለች።

«ስፌቱ የእኔ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ዝም ብል ነገም መርፌ መስበሬ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ሸሚዝህን አምጣ፤ ልተኩስልህ» አለች። «እንደዚህ ተጨማደህ ብትቀርብ ሳይጠይቁህ ነው የሚያስሩህ።»

በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ። ወስፌዬን፣ መቀሴንና ምላጬን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «ስለት አይገባም» አለ።

«በምን ሊፈታው ነው ታዲያ? በጸሎት?» አለች እትዬ።

«ግድ የለም» አልኳት። «ጭራ አለው።»

ችሎቱ ከጠበቅኩት ያነሰ ክፍል ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል። ከፊት ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ መሐል ያሉት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። በቀኝ በኩል ቀጭን ወጣት ዐቃቤ ሕግ፣ በግራ ጠበቃዋ። ከጠበቃዋ ጀርባ፣ በጠባቂና በአስተርጓሚ መሐል፣ ሴትዮዋ ተቀምጣለች። ግዙፍ ወንጀለኛ ነበር የጠበቅኩት። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች፣ እጅጌዋ የረዘመባት፣ ከእትዬ የማትበልጥ ሴት ናት። አስተርጓሚው ጆሮዋ ሥር ያንሾካሹካል፤ እሷም ቃሉን እንዳያመልጣት በዓይኗ አፉን ትከተላለች። እንደ እኔው ናት፤ በሰው አፍ የምትናገር።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ቀናሁበት።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እነዚህ ሰዎች እዚህ የሚመጡት ቅጣታችን ቀላል ነው ብለው ነው። አንዷን በርኅራኄ ስንሸኝ ሌሎች ዐሥር ትኬት ይቆርጣሉ። የገዛ ልጆቻችን በዚህ ወንጀል በእስር ቤት ሲማቅቁ፣ ለውጭ ሰው ቅጣት ማቅለል ፍትሕ አይደለም። ሻንጣው በባለሙያ የተሠራ ነው። ያሠራችው ራሷ ናት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት እንዲፈረድ እንጠይቃለን።»

አግዳሚው ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። ብዙው ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እትዬም ነቀነቀች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት አቆመች።

ጠበቃዋ ተነሥታ በቅጣት ማቅለያ ላይ አንድ ምስክር እንዳላት ተናገረች። ስሜ ተጠራ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ብቻ ከፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ማልኩ። ምን እንደማውቅ ተጠየቅኩ። ተናገርኩ።

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» አሉ መሐል ዳኛዋ።

እንደገና ተናገርኩ።

«አልተሰማም።»

«ክብርት ዳኛ፣ እሱ እንዲሁ ነው!» አለች እትዬ ከኋላ ብድግ ብላ። «ከእናቱ ሆድ ጀምሮ! እኔ ልንገርዎት፤ ሰውዬው የመጣው እኔ ገበያ...»

«እኅት፣ ይቀመጡ።»

«እሺ፤ ግን ሰውዬው...»

«ይቀመጡ! ሁለተኛ ቢናገሩ አስወጣዎታለሁ።» ዳኛዋ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እዚህ ቀርበህ ንገረኝ።»

ቀርቤ ነገርኳቸው። ስለ አባቴ ስፌት፣ ስለ ጭራው፣ ስለ ጎደለው ጥግ። ዐቃቤ ሕጉ ከመቀመጫው ተነሣ። «ወለሉን ሠርቻለሁ እያለ ነው! ይህ ሰው ተጠርጣሪ እንጂ ምስክር አይደለም። ካርቶኑንም ትናንት ጽፈው ሊሆን ይችላል።»

«ትናንት ሊጽፉት አይችሉም» አለች ጠበቃዋ። «ሻንጣው ለዐሥራ አራት ወር በመንግሥት ማኅተም ታሽጎ በኤግዚቢት ክፍል ነበር። ከእኛ ወገን ማንም አልነካውም። እዚሁ፣ በሁላችን ፊት እንዲፈታ ነው የምንጠይቀው።»

ዳኞቹ ተነጋገሩ። «ይምጣ» አሉ መሐል ዳኛዋ።

ሻንጣው በጋሪ ተገፍቶ መጣ። ማኅተሙ ተቆርጦ ሲከፈት የማስቲሹ ሽታ ወጣ፤ የሱቃችን ሽታ ነው። ያኔ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለኝ። እጄ ሥራውን ያውቃል።

ጭራውን አገኘሁት። ያሰርኳትን ቋጠሮ ፈታሁና ሳብኩ። ጠርርርር! የመጀመሪያው ጎን በሙሉ ተፈታ። አንድ ሰው «አቤት!» አለ። ሁለተኛው ጎን፤ ጠርርርር! ከዚያ የቀኙ ማዕዘን ላይ ክሩ ቀጥ አለ። ሰውዬው ሲለጥፍ ማስቲሽ አንጠባጥቦበታል፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሳብኩ። አልንቀሳቀስ አለ። ጠንክሬ ብስብ ክሩ ይበጠሳል፤ ሌላ ጭራ የለም። ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሥታለች፤ ጠባቂው ትከሻዋን ይዟታል።

«መቀስ ይሰጠው?» አለ ጸሐፊው።

ጎንበስ ብዬ የደረቀውን ማስቲሽ በጥርሴ ነከስኩት።

«ኤግዚቢቱን እየበላው ነው!» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋም መዝገቡን አንሥተው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቀራ! ብሎ ማስቲሹ ተሰበረ፤ ክሩ ለቀቀ፤ ጨርቁ እንደ በር ተከፈተ።

ትልቁ ካርቶን። ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ። አነሣኋት።

ባዶ ነበረች። ምንም አልተጻፈባትም።

ሳቁ ቆመ። ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ሊሆን አይችልም እያልኩ ስቆም፣ እትዬ ማስጠንቀቂያውንም ሁሉ ረስታ «ገልብጣት እንጂ፣ አንተ ጅል!» ብላ ጮኸች።

ገለበጥኳት።

የእኔ እርሳስ። የእኔ እጅ ጽሑፍ። ትንሽ ደብዝዟል እንጂ አንድ ፊደል አልጠፋም። ለዳኛዋ ሰጠኋቸው። እኅቴን ማንም አላስወጣት፤ ሁሉም ዓይኑን ካርቶኗ ላይ ተክሏል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ። መጀመሪያ ሴትዮዋ የገባችበትን ያንኑ ወርና ዓመት፣ ቀጥሎ፦ «ዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ። ትልቅ ቡናማ ሻንጣ። ሁለተኛ ወለል ይሠራለት፤ አንድ ጎኑ ክፍት ይተው። ያመጣው ወፍራም ሰውዬ። ከላይ በግራ የወርቅ ጥርስ። ስልክ ሲያወራ ይጮኻል። ሽቶው ያስነጥሳል። ዐርብ ይወስዳል። እትዬ፣ አንቺ አናግሪው፤ እኔ እፈራዋለሁ።»

ዘጠኝ! ዘጠኝ ነው! ከዚያ በኋላ የተባለውን ግማሹን አልሰማሁም። አግዳሚው እየሳቀ ነው፣ አስተርጓሚው እያንሾካሾከ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ስለ ሽቶው ሲደርስ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ጠበቃዋ አንድ ወረቀት አንሥታ ወደ ዳኞቹ ሄደች። ሴትዮዋ በተያዘች ዕለት ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ነው። «ሻንጣውን ሆቴል ድረስ ያመጣልኝ ወፍራም ሰው ነው፤ በግራ በኩል የወርቅ ጥርስ አለው፤ በሽቶው ራሴን አመመኝ» ይላል። ሰውዬውን ግን እስከ ዛሬ ማንም ፈልጎት አያውቅም።

«ዐቃቤ ሕግ፣ አስተያየት አለ?» አሉ ዳኛዋ።

«ምስክሩ ተባባሪ ሊሆን እንደሚችል...»

«ተባባሪ ቢሆን ኖሮ እፈራዋለሁ ብሎ ይጽፍ ነበር?»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ፣ ይህን አልደብቅለትም፣ እሱም ሳያስበው ፈገግ አለ። «የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ እንዲፈለግ እንጠይቃለን» አለ።

«ምስክሩ ሊለዩት ይችላሉ?»

«እኔ እለየዋለሁ!» አለች እትዬ። «ዓይኔን ጨፍኜ! በሽቶው!»

ዳኞቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። እትዬ እጄን ይዛ እስኪያመኝ ድረስ ታሸዋለች። ቀደም ሲል ለዐቃቤ ሕጉ ራሷን በአዎንታ እንዳልነቀነቀች ሁሉ «ፈጣሪ ሆይ አምስት፣ አምስት፣ አምስት» ትላለች። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ ቋንቋም የለንም። ራሴን ዝቅ አደረግኩላት፤ እሷም ራሷን ዝቅ አደረገች።

ተመለሱ። ሁላችንም ቆምን። መሐል ዳኛዋ ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ተከሳሿ የሠራችው ከባድ ጥፋት ነው። ሻንጣው ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ እየጠረጠረች አልጠየቀችም፤ ያላወቀች ሳይሆን ላለማወቅ የመረጠች ናት። ዐቃቤ ሕግ የውጭ ሰው ናትና አይቅለልላት ብሏል። የውጭ ሰው መሆን ቅጣት አያከብድም፤ አያቀልምም። በዚህ ሚዛን ላይ ፓስፖርት አይወጣም። የሚወጣው የሠራችው ሥራ ነው። ደብቃ የምትነግድ አለመሆኗን ዛሬ በዓይናችን አይተናል። በተያዘች ዕለት እውነቱን ተናግራለች፤ ሰሚ አላገኘችም። ጠያቂ ዘመድ በሌለበት እስር ቤት የሚያልፍ ዓመት ከሌላው እንደሚረዝምም ፍርድ ቤቱ ተገንዝቧል። ስለዚህ ዐሥራ ስምንት ዓመት የተባለው ውድቅ ሆኖ...»

አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ገና ስለ ፓስፖርቱ እያንሾካሾከ ነው።

«...በአምስት ዓመት እስራት እንድትቀጣ፣ የታሰረችው ዐሥራ አራት ወርም እንዲታሰብላት ተወስኗል።»

አምስት! እትዬ ጀርባዬን በጥፊ መታችኝ። ጠበቃዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሴትዮዋ ብቻ አልሰማችም። ሁሉም ሰው ሲንጫጫ ታያለች፤ ደስታ ይሁን ለቅሶ አልገባትም፤ ፊቷ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አስተርጓሚው ቃል እየመረጠ ነው። አንጀቴን በላችው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ክንዴን እስከ ላይ ዘረጋሁና አምስት ጣቶቼን ከፍቼ አሳየኋት።

አየችው። የራሷን እጅ ከረጅሙ እጅጌ አውጥታ አምስት ጣቶቿን ከፈተች፤ እውነት ነው? እንደማለት። ነቀነቅኩላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። ልጇ ስንት ዓመት እንደሚሆናት እየቆጠረች እንደነበር አስተርጓሚው በኋላ ነገረን። ዐሥራ አንድ እንኳ አይሞላትም።

ሰው ሲወጣ ልከተል ስል ጸሐፊው ጠራኝ። «ወንድሜ፣ ይህ ሻንጣ እንዲህ ተበትኖ ወደ ኤግዚቢት ክፍል አይመለስም። የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ እስኪገኝ ማስረጃ ነው። ዳኛዋ የፈታው ይስፋው ብለዋል።»

ጋሪው ላይ እንዳለ፣ በባዶው ችሎት፣ በእጅ መርፌ ሰፋሁት። የጥጓን ካርቶን ከመዝገቡ ጋር ስላስቀሩት በምትኩ ጸሐፊው ከአሮጌ ፋይል ሽፋን ቆርጦ ሰጠኝ። እትዬ አጠገቤ ቆማ ለጸሐፊው ታሪኩን ከመጀመሪያው እየተረከችለት ነው፤ እሱም እዚያው እንደነበረ ረስቶ ይሰማታል። ዐቃቤ ሕጉ ቦርሳውን ይዞ በአጠገባችን ሲያልፍ ቆም አለ።

«ጥሩ ጥርስ አለህ» አለኝ። «ለማንኛውም ይግባኝ እንላለን።»

«ይበሉ» አልኩ። ሰማኝ።

የመጨረሻው ማዕዘን ላይ ደረስኩ። አንድ ርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ማጠፍ። ጸሐፊው መቀሱን አቀበለኝ። ሁለት ጣት የሚያህል ጭራ ትቼ ቆረጥኩና ላላ አድርጌ አሰርኩት።

«ይህቺን ረሳሃት» አለ ጸሐፊው በጣቱ እያመለከተ።

«አልረሳኋትም» አልኩት። «ይግባኝ እንላለን ብለው የለ? ለሚፈታው ሰው ነው።»